የጋብቻ ድሙዬ ከሐሰተኛ ዕቃዎች ጠረጴዛ ላይ እንዲነሣልኝ

ቀን፦ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለባሮ ዳር የቅርስ ጥበቃና ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ጋምቤላ

ጉዳዩ፦ በስሕተት «ሐሰተኛ ቅርስ» ተብሎ የተያዘብኝ ድሙይ እንዲመለስልኝና ሐሰተኛ አለመሆኑም በሰው ፊት እንዲነገርልኝ ስለመጠየቅ

የተከበሩ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፣

እኔ አመልካች መምህርት አጅዋንግ ኦባንግ የጋምቤላ ከተማ ነዋሪና የአራተኛ ክፍል አስተማሪ ስሆን፣ ይህን አቤቱታ ለክቡርነትዎ በአክብሮት አቀርባለሁ። በቃል ለማመልከት ደጋግሜ መጥቻለሁ። በመጣሁ ቁጥር የበሩ ጥበቃ «እህቴ፣ አለቃ የለም፣ ስብሰባ ሄዷል፣ ነገ ነይ» ይለኛል። እሱን አልወቅስም፤ በል የተባለውን ነው የሚለው። እኔ ግን ነገ ነገ እየተባልኩ የወንድሜ ሰርግ ሊያልፍብኝ ስለሆነ በጽሑፍ መጣሁ።

1. በመጀመሪያ ስለ ዕቃው። በእኛ በአኝዋሃዎች ዘንድ ልጅ የሚዳረው በድሙይ ነው። ድሙይ ከአያት ቅድመ አያት የወረደ ሰማያዊ ጨሌ ነው። አዲስ አይሠራም፤ ያለው ራሱ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል እንጂ። ሴት ልጅ ስትዳር ድሙይ ወደ አባቷ ቤት ይገባል፤ በዚያው ድሙይ ደግሞ ወንድሟ ሚስት ያገባል። ዛሬ ብዙ ሰው በገንዘብና በከብት ይስማማል። «ድሙይ ካልሆነ» የሚል አባት ካለ ግን ያለው ይሆናል። አሁን በእጅዎ ያለው ድሙይ የባለቤቴ እህት ስትዳር ወደ ባለቤቴ ቤት ገባ፤ እኔ ስዳር ወደ አባቴ ቤት መጣ። አባቴ ሲሞት «ይህ የኦጅዋክ ሚስት ናት» ብሎ በአደራ ሰጠኝ። ኦጅዋክ ታናሽ ወንድሜ ነው።

2. ኦጅዋክ በባሮ ዳርቻ የጀልባ ሞተር ይጠግናል። ጓደኛው ሉዋል ባጃጅ ይነዳል። ሁለቱ ሆነው በቴሌግራም «የድሮው ወደብ ጥንታዊ ዕቃዎች ጨረታ» የሚል ገጽ ከፈቱ። ነገሩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቀልድ ነበር። ከየጓሮው የተጣለ ዕቃ ይለቅማሉ፣ ፎቶ ያነሣሉ፣ ታሪክ ያበጁለታል፣ ቅዳሜ ማታ ሰው እየሳቀ ይጫረታል። የተቀዳደደ ጃንጥላ «የመጨረሻው የእንፋሎት መርከብ ካፒቴን ጃንጥላ፤ ዝናብ የሚያስገባው በካፒቴኑ ትእዛዝ ነው» ተብሎ ቀረበ። አንድ መስታወቱ የወለቀ መነጽር «ወደ ሱዳን ሲያልፍ ቀረጥ የከፈለው ብቸኛ ጉማሬ መነጽር» ተባለ። ቢጫ የዘይት ጀሪካን ደግሞ ውሃ ተሞልቶ «የእንግሊዙ ሹም ካርቱም ናፍቆት ያለቀሰው እንባ ከነዕቃው» ተብሎ ተደረደረ። የእንግሊዝ መርከቦች ከካርቱም እስከ ጋምቤላ ወደብ በሚመላለሱበት ዘመን ቢጫ ጀሪካን እንዳልነበረ የማያውቅ የለም፤ ሰው የሚጫረተውም ስለሚያውቅ ነው። ለአሸናፊው ጉማሬው የፈረመበት የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። የእኔን የሽሮፕ ማንኪያ እንኳ ከጓዳ ወስደው «ካፒቴኑ የባሮን ጥልቀት የለካበት ማንኪያ፤ ልኬቱ ገና አላለቀም» ብለው አቀረቡ። አልዋሽም፣ ስቄአለሁ። የአኝዋሃው፣ የኑዌሩና የደገኛው ልጅ በአንድ ገጽ ላይ አብሮ ሲስቅ ማየት በዚህ ከተማ ቀላል ነገር አይደለምና ደስ ይለኝ ነበር።

3. ድሙዩ ከዚህ ቀልድ ጋር የተገናኘው እንዲህ ነው። ኦጅዋክ አባንግ የምትባል የአቦቦ ልጅ አጭቷል። አባቷ አቶ ኦቻንግ ድሙይ ጠየቁ፤ የአባንግ ወንድም በተራው የሚያገባው በዚሁ ነውና። በእኛ ቤት ድሙይ ከመሰጠቱ በፊት ይታጠባል፣ ክሩም ይለወጣል። ክር ይበሰብሳል፤ ድሙይ አይበሰብስም፤ ስለዚህ ለየሰርጉ አዲስ ክር ይገባለታል። ኦጅዋክ የወንዝ ሰው ነውና፣ ይጠነክራል ብሎ በዓሣ ማጥመጃ ናይለን ሰካው። የሰካበት ጠረጴዛ ግን የቅዳሜው ዕቃ የተደረደረበት ጠረጴዛ ነበር። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚባለው እንደሱ ላለው ነው። ሉዋል ጠረጴዛውን ፎቶ ሲያነሣ ድሙዩም ከዳር ገባ። ሉዋል ይህን አይቶ ከፎቶው ሥር «ዳር ላይ ያለው ሰማያዊ ጨሌ አይሸጥም፤ ባለቤቱ ሚስት ሊያገባበት ነው» ብሎ ጻፈ። ገጹ ከተከፈተ ጀምሮ በላዩ የተጻፈ እውነት ይህ ብቻ ነው። ጽሕፈት ቤትዎ ቀልድ ነው ብሎ ያለፈውም ይህንኑ ብቻ ነው።

4. በዚያው ሳምንት አንድ የአዲስ አበባ ሰው የጉማሬውን መነጽር በጨረታ አሸነፈና፣ ዕቃው ከክልሉ ለመውጣት ፈቃድ ያስፈልገው እንደሆነ ለጽሕፈት ቤትዎ ጽፎ ጠየቀ። ሰውየው ይቀልድ ይሁን የምሩን ይሁን እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ጽሕፈት ቤቱ ግን የምሩን ወሰደው። የቅርስ ባለሙያዎ ከፖሊስ ጋር መጥተው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሁሉ በአንድ ማዳበሪያ ጠራርገው ወሰዱ። በደረቅ አበሳ እርጥብ ይነዳል ይባል የለ፣ ድሙያችንም ከጀሪካኑ ጋር ገባ። ኦጅዋክ «ይህ የእኔ ሚስት ነው፣ ይህን ተዉልኝ» ብሎ ለመነ። ባለሙያው ለፖሊሱ «አየህ፣ ለሁሉም ታሪክ አላቸው» አሉት። እኔም ደርሼ በለመንኩ ጊዜ «ይመረመራል፣ ይመለሳል» ብለው ሸኙኝ። አስተማሪ ስለሆንኩ የተጻፈውንና የተነገረውን አምናለሁ፤ አምኜ ጠበቅሁ።

5. ከዚያ ጽሕፈት ቤቱ «ሐሰተኛ ቅርስን እንወቅ» የሚል ዐውደ ርእይ ከፈተ። ትምህርት ቤቶች ተጋበዙ፤ እኔም ተማሪዎቼን አሰልፌ መጣሁ። ጃንጥላው አለ። ጀሪካኑ አለ። በመካከላቸው የአባቴ አደራ ተዘርግቶ አየሁ። ከፊቱ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ምን እንደተጻፈ ለማንበብ ዓይኔ እንቢ አለኝ። ተማሪዬ ኛሩዋይ ግን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው፦ «ድሙይ መሳይ ጨሌ። ዘመናዊ። ክሩ ናይለን። አጭበርባሪዎች ለጋብቻ ሊያውሉት ሲሉ የተያዘ።» አንዲት ፊደል አልሳተችም። ማንበብ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። አጠገቧ የነበረችው ልጅ «መምህርት፣ አጭበርባሪ ማለት ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ቃል ስጠየቅ ሳልመልስ ቀርቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን አፍሬ ልጆቹን ወደ ጃንጥላው አዞርኳቸው።

ማንኪያዬስ? ማንኪያዬ ከእነዚህ ጋር የለችም። ፊት ለፊት ባለው የእውነተኞቹ ቅርሶች የመስታወት ሣጥን ውስጥ በቀይ ጨርቅ ላይ ተኝታለች። ከሥሯ «የእንፋሎት መርከብ ማንኪያ። ጀርባዋ ላይ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አላት። ጫፏ ላይ ያለው የጥርስ ምልክት የካፒቴኑ እንደሆነ ይገመታል» ይላል። ክቡርነትዎ፣ ጥርሱ የልጄ የማክዳ ነው። ሕፃን ሆና የሳል ሽሮፕ አልወስድም ብላ ነክሳ የያዘች ጊዜ የወጣ ነው። ማክዳ ዛሬ አሥረኛ ክፍል ደርሳለች፤ በመርከብ ግን ተሳፍራ አታውቅም። ይህን ለባለሙያው ስነግራቸው «ወይዘሮ፣ አሁን ደግሞ ማንኪያውንም የእኔ ነው ሊሉ ነው?» አሉኝ።

ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ምን ተምራ እንደምትመጣ ክቡርነትዎ ያውቁታል፤ በመሥሪያ ቤት ወረቀት ላይ ስለማይጻፍ ትቼዋለሁ። ድሙይ ግን ከጀሪካን ጋር ስለዋለ ጀሪካን አይሆንም። ባለሙያው አዲስ ክር አይተው ጨሌውን አዲስ አሉት። አዲስ ቀሚስ የለበሰችን አሮጊት ልጃገረድ ናት እንደ ማለት ነው።

6. የደረሰብን ጉዳት። የድሙዩ ፎቶ ከነጽሑፉ በጽሕፈት ቤቱ ገጽ ላይ ወጣ። ከሽማግሌዎች ጋር ሆነን ነገሩን ለማስረዳት አቦቦ ስንሄድ ፎቶው ቀድሞን ደርሶ ጠበቀን። አቶ ኦቻንግ ክፉ ሰው አይደሉም። ስልካቸውን አውጥተው አሳዩንና እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ እኔ ወንድምሽን አልጠላም። ግን መንግሥት ሐሰት ያለውን ተቀብዬ፣ ነገ ልጄ ለሚስቱ ሰዎች ሲያወጣው ምን ብሎ ያውጣው? መንግሥት የተናገረውን መንግሥት ይመልሰው። አንቺ ብትምዪ እኔ አምንሻለሁ፤ እነሱ አያምኑሽም።» እስከ ገና እጠብቃለሁ አሉ። ከገና በኋላ ሌላ ጠያቂ አለ።

አባንግ ውሃ ስታቀርብልን ቀና ብላ አላየችንም። ስንወጣ ግን እስከ መኪናው መንገድ ተከትላን መጣችና በጆሮዬ «እኔ ባዶ እጁን ቢመጣም እሄድ ነበር። ወንድሜስ በምን ያግባ?» አለችኝ። እኔም የወንድሜ ነገር ነው እዚያ ድረስ የወሰደኝ።

ኦጅዋክ ጨረታውን ዘግቷል። ሉዋል ፎቶ ያነሣሁት እኔ ነኝ እያለ ከቤታችን ደጅ ባጃጁን አቁሞ ይቀመጣል፤ ግባ ሲሉት አይገባም። ድሮ የሁለቱ ሳቅ ከወንዙ ማዶ ይሰማ ነበር። አሁን ወንድሜ ሞተር ፈትቶ መልሶ ይገጥማል፤ ሲያናግሩት «እሺ» ብቻ ነው መልሱ። ተናድጄበት ነበር፤ አሁን ንዴቱ እንኳ አልቆብኛል፤ የቀረኝ ማዘን ነው።

አማቴ ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምራ ቤቴ አትገባም። ድሙዩን የሰጡት እነሱ ናቸውና፣ «ሐሰት ሰጥተን ነው የወሰድናት ልንባል?» እያለች በቤተ ክርስቲያን ደጅ ታለቅሳለች። የባለቤቴም እህት ከባሏ ቤት ደውላ ምን ጉድ ነው ብላለች፤ እሷም የተዳረችው በዚሁ ነው። ክቡርነትዎ፣ ባለሙያዎ አንዲት ትንሽ ወረቀት ሲለጥፉ የለጠፉት በጨሌ ላይ መስሏቸዋል። የለጠፉት በእኛ ላይ ነው። እኔ በሽማግሌ ፊት፣ በእግዚአብሔርም ፊት የተዳርኩ ሴት ነኝ። አራት ልጆች ወልጃለሁ። ድሙዩ ሐሰት ከሆነ አባቴ ልጁን በምን ለወጠ ሊባል ነው?

7. ስለዚህ የምለምነው የሚከተለውን ነው።

ሀ) ድሙዩ ከዐውደ ርእዩ ተነሥቶ በእጄ እንዲሰጠኝ። ማጣራት ከፈለጉ ክሩን በጥሰው ይጣሉትና ጨሌውን ራሱን ከሚያውቁ ሽማግሌዎች ጋር ይዩት፤ ክር በከተማው ሞልቷል፣ እኔ እገዛለሁ።

ለ) በገጹ ላይ የወጣው ፎቶ እንዲነሣ፣ ስሕተት መሆኑም በዚያው ገጽ ላይ እንዲጻፍ።

ሐ) ከሁሉ በላይ ክቡርነትዎ ራስዎ፣ ካልተመቸዎ ባለሙያው፣ ከገና በፊት አቦቦ ድረስ መጥተው በአቶ ኦቻንግና በሽማግሌዎቹ ፊት «ይህ እውነተኛ ድሙይ ነው፤ የተሳሳትነው እኛ ነን» ብለው በአንደበትዎ እንዲናገሩልን። ደብዳቤ ብቻ ከሆነ አይበቃም። ሉዋልና ኦጅዋክም ደብዳቤ ሲሰጡ ነበር፤ ጉማሬ የፈረመበት። ሰው ዛሬ ማኅተም ሲያይ ይስቃል፤ የሰው ፊት ሲያይ ግን ያምናል። ለመንገዱ ሉዋል በባጃጁ አደርሳለሁ ብሏል፤ መኪና ካለዎ ግን መኪናው ይሻላል።

ማንኪያዬን አልጠይቅም። ትንሹ ልጄ ሲያስለው ሽሮፑን በጠርሙሱ ክዳን እየለካሁ እሰጠዋለሁ። ካፒቴኑ ይያዛት።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ቃሌ ከሥርዓት ወጥቶ ከሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አማርኛን የተማርኩት ከመጽሐፍ ነው፤ ምሬቱን ግን ማንም አላስተማረኝም።

ለክቡርነትዎ ያለኝ አክብሮት እንደተጠበቀ ሆኖ፣ በቅርብ ምላሽ ተስፋ
ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
መምህርት አጅዋንግ ኦባንግ

በጽሕፈት ቤቱ ደንብ መሠረት ከአቤቱታ ሥር መሞላት ያለበት የአመልካች መግለጫ፦
ሥራ፦ አስተማሪ
አድራሻ፦ ጋምቤላ ከተማ፣ ባሮ ዳር
የጋብቻ ሁኔታ፦ ጽሕፈት ቤቱ ሲወስን ይሞላል