የዘይነባ ቅል

ወልቂጤ፣ ቅዳሜ ጥር 15 ቀን 1963 ዓ.ም.

ዛሬም ተማሪዎቼን ዋና ላስተምር ዋቤ ወንዝ ይዣቸው ወረድኩ። ውሃው ጸጥ ብሎ ሰማዩን ይዞታል። ልጆቹ እንዳይሰምጡ ወገባቸው ላይ ደረቅ ቅል አስረዋል።

ዘይነባ መሃል ስትደርስ ገመዷ ተፈታ፤ ቅሉ ብቻውን ቁልቁል ሄደ። ልጮህ አልኩና ተውኩት። አላወቀችም፤ እያንቦጫረቀች ትመጣለች። እጄን ከሥሯ ዘርግቼ፣ ሳልነካት፣ አብሬያት ዳር ደረስኩ።

ወገቧን ዳበሰችና ማልቀስ ጀመረች።

«ምን ያስለቅስሻል? ያለ ቅል ዋኘሽ እኮ!»

«ጋሼ፣ የእማዬ የወተት ቅል ነው! ወንዝ መምጣቴንም አታውቅም።»

ነገ ሌላ ቅል ገዝቼ እናቷ ዘንድ እሄዳለሁ። የቱን አስቀድሜ እንደምነግራቸው ግን እንጃ። አሁንም ዓይኔን ስጨፍን ያ ቅል ወደ ግቤ ወንዝ ይወርዳል፤ እንደ ዘይነባ፣ ማንም ሳይይዘው።