በሩ የረሳው ሪሞት

ይድረስ ለውድ ባለቤቴ፣ ኒው ሀልፋ፤

እንደምን ሰንብተሻል? እህትሽስ ከአራስ ቤት በደህና ወጣች? ሕፃኑስ ጡት በደንብ ይዟል? በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ ፋሽጋ ላይ የዞረብሽ ቀኝ እግርሽስ እንዴት አደረገሽ? ከሱቅ ስትመለሺ አንዱን ረገጥ፣ አንዱን ጎተት ስታደርጊ ገና ከመንገዱ እሰማሽ ነበር፤ ተኝቼም ብሆን በዚያ ነበር የምነቃው። እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍልሽ አሰብኩና ተውኩት። ጉልበቴ ተልጧል፣ ክንዴ አብጧል። ምክንያቱን ዝቅ ብዬ እነግርሻለሁ። ስትሰሚ ትስቂ ይሆናል፤ ሳቂ፣ ብቻ ሳቂልኝ።

ስልክ ብደውል አታነሺም። ስለዚህ ይህን ለሹፌሩ ለአገኘሁ ሰጥቼዋለሁ፤ ማሽላ ጭኖ ወደ እናንተ ይመጣል። እባክሽ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

አሠሪዬና የግቢው ባለቤት ሐጅ ሉጥፊ ጦርነቱ የመጣ ጊዜ የእግር በሯን በብየዳ ካስደፈናት ወዲህ፣ የግቢያችን መውጫ መግቢያ የመኪናው ቤት በር ብቻ ነው። እሱ በኤሌክትሪክ የሚጠቀለል፣ ሪሞቱም አንድ፣ እሷም አንቺ ዘንድ። እኔ ከውጭ ጡሩምባ ስነፋ አንቺ ከውስጥ ትጫኛለሽ። በሩ እያጓራ ሲነሣ መጀመሪያ እግርሽ፣ ከዚያ ቀሚስሽ፣ ከዚያ ፊትሽ ይታየኛል። ሹፌር ሆኜ ስኖር ከዚህ የተሻለ ደመወዝ ተከፍሎኝ አያውቅም።

ሠራተኞቹን ፋሽጋ አድርሼ የተመለስኩ ዕለት ግን ጡሩምባውን ብነፋ፣ ብነፋ በሩ አልተነሣም። እትዬ በላይነሽ ከሱቋ ብቅ ብላ፣ እህትሽን ምጥ ይዟት በድንገት ተጠርተሽ እንደሄድሽ ነገረችኝ። ሪሞቱን እሷ ዘንድ አስቀምጠሽ እንደሆነ ብጠይቃት፣ ምንም አልሰጠችኝም አለች። ቀጥላም፣ ሳልጠይቃት፣ ከመሄድሽ በፊት ሙኡዝ መጥቶ በሩ ላይ ቆማችሁ ስታወሩ እንደነበር ጨመረችልኝ። የዚህችን ሴት ምላስ እግዜር የፈጠረው ለእኔ መከራ ነው።

ስለ ሙኡዝ አንድ ነገር ልበልና ይውጣልኝ። ከስደተኞች ካምፕ እየተመላለሰ የሰፈሩን ፍሪጅና ማራገቢያ የሚጠግን ጨዋ ልጅ መሆኑን እኔም አውቃለሁ። ግን የእኛን ፍሪጅ ሊሠራ የመጣ ቀን ምሳ አቅርበሽለት በትግርኛ ስታወሩ ዋላችሁ። አንቺ ሑመራ ያደግሽ ነሽ፣ ቋንቋውን አልረሳሽውም። እኔ የአርማጭሆ ሰው ከ«ከመይ» ወዲያ የማውቀው የለም። አንድ ነገር ይልሻል፣ ትስቂያለሽ፤ አንድ ነገር ትዪዋለሽ፣ ይስቃል። እኔ መሐላችሁ ተቀምጬ አጥንት እግጣለሁ። ከእኔ ጋር እንደዚያ የሳቅሽበትን ቀን ለማስታወስ ሞከርኩና አጣሁት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ደግሞ በጥርጣሬ በኩል እግዜር አላሳነሰኝም።

አጥር ዘልዬ ገባሁ፤ ጉልበቴ የተላጠው ያኔ ነው። ከውስጥ ሞተሩ ላይ የተንጠለጠለውን ቀዩን ገመድ ስቤ በሩን በትከሻዬ አነሣሁት። ከዚያ ሪሞቱን ትራስሽ ሥር፣ የስኳሩ ጣሳ ውስጥ፣ ያልፈለግሁበት የለም። ለምን አልጠየቅኸኝም ትዪኝ ይሆናል። ቀናተኛ ሰው መች ይጠይቃል? ራስሽ እስክትነግሪኝ እየጠበቅሁ፣ ስትደውዪ ሥራ ላይ ነኝ እያልኩ እዘጋብሽ ነበር። በመጨረሻ ሪሞቱ ሙኡዝ ኪስ ውስጥ ነው ብዬ ደመደምኩ።

በእጅ የሚነሣ በር ደግሞ ከውጭ አይቆለፍም። ለሐጅ ሉጥፊ ፖርት ሱዳን ደውዬ ሪሞቱ ጠፋ ብለው፣ ከዱባይ ባስመጣው መኪና የውስጥ ስፖኪዮ ሥር ያሉትን ሦስት ትንንሽ የሚጫኑ ቁልፎች አስታወሰኝ። እኛ ጌጥ ናቸው ስንል የኖርነው ለካ በር መክፈቻ ኖረዋል። ገዳሪፍ ገበያ ያለውን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሁሉ ዞርኩ። ሁሉም ዋናውን ሪሞት አምጣ፣ ከእሱ ነው የሚቀዳው አሉኝ። ያለ ሪሞት ማስተካከል የሚችል አንድ ሰው አለ አሉ። ማን ይመስልሻል?

ሳልወድ በግዴ ጠራሁት። መጥቶ እኔን መኪናው ውስጥ አስቀመጠኝና፣ ዳርና ዳር ያሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጭኜ እንድቆይ አዘዘኝ። ትንሿ መብራት ስትርገበገብ፣ መኪናው የድሮ ቤቱን ረሳ አለኝ። እሱ በመሰላል ጣሪያው ላይ ወዳለው ሞተር ወጣ። ከክዳኑ ሥር አንዲት ቁልፍ አለች። እሷ አንዴ ጠቅ ስትደረግ ሞተሩ ለጥቂት ጊዜ ይጠብቃል፤ በዚያች ጊዜ የነካካውን ከወዳጆቹ ይቆጥረዋል፤ ስለዚህም ዋናው ሪሞት ባይኖርም ግድ የለም። በል አሁን አለኝ። የመሐለኛዋን ተጫንኩ፣ ለቀቅሁ፣ ደግሜ ተጫንኩ። በሩ እያጓራ ተነሣ። ከማዶ እግርም ቀሚስም አልነበረም፤ የመንገዱ አቧራ ብቻ ነው የታየኝ።

ከመሰላሉ ሲወርድ፣ ያችን ቁልፍ ጠቅ አድርገህ ልቀቃት እንጂ ይዘሃት እንዳትቆይ፣ ሞተሩ እስከ ዛሬ የሚያውቀውን ሪሞት ሁሉ ይረሳል ብሎ አስጠነቀቀኝ። እስከ ዛሬ እነማንን ያውቃል ብዬ ጠየቅሁት። እሱን አይናገርም አለና ሳቀ። ይህንንም ቻልኩት። ዕቃውን ሰብስቦ ሊወጣ ሲል ግን መቼ ነው የምትመለሰው አለኝ። አንቺን! ደሜ ፈላ። ስትመጣ ትታያለች ብዬ ሸኘሁት።

ገና ከመንገዱ ሳይርቅ መሰላሉን መልሼ አቆምኩ። ያችን ቁልፍ መብራቷ እስክትጠፋ ድረስ ይዤ ቆየሁ። ሁሉን አስረሳሁት። ከዚያ መኪናውን ብቻ እንደገና ላስተዋውቅ ብል፣ ለሁለት ሰው የሆነ ሥራ ለብቻ እንዴት ይሆናል? ላይ ጠቅ አድርጌ ታች ስደርስ ጊዜው አልፏል። ደግሜ ሞክሬ ከመሰላሉ ስዘል ወለሉ ላይ ተዘረጋሁ፤ ክንዴ ያበጠው ያኔ ነው። እንደምንም ሆነልኝ። አቧራዬን ሳላራግፍ ወለሉ ላይ ተቀምጬ፣ አሁን ይህ በር ከእኔ በቀር ማንንም አያውቅም፣ ያ ሰው ኪሱ ያለውን ይዞ ይምጣና ሲጫን ይዋል አልኩ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽሽም፣ በጣም ደስ አለኝ።

ከዚያ ወዲያ በሩን ስጠብቅ ከረምኩ። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ሙቀቱ መንገዱን ሰው አልባ ባደረገበት ሰዓት፣ ባለ ሦስት ጎማ ራክሻ መጥቶ ቆመ። ከበሩ ጀርባ ሄጄ ቆምኩ። የበሩ ሞተር ዝም እንዳለ ነው። ትንሽ ቆይቶ ቆርቆሮው በመዳፍ አንድ ጊዜ ተመታ። ሌላ ድምፅ አብሮ ይኖር እንደሆን አዳመጥኩ። ያላ፣ ያላ እያለ የሚያጣድፈው የራክሻው ሰውዬ ብቻ ነበር። እጄ ቀዩን ገመድ ይዟል፤ አልሳብኩትም። ማን እንደሆነ አላወቅሁም። ራክሻው ዞሮ ሄደ።

ፀሐዩ በረድ ሲል ስወጣ እትዬ በላይነሽ ሪሞቱን በሻሽሽ እንደተጠቀለለ አስጨበጠችኝ። ስትቸኩዪ ከቦርሳሽ ጋር ይዘሽው ሄደሽ ኖሯል። ኒው ሀልፋ ደርሰሽ ስታገኚው ልትነግሪኝ ብትደውዪ እየዘጋሁብሽ፣ እህትሽ ከአልጋ ሳትነሣ ይዘሽልኝ መጥተሽ ኖሯል። «በሩን አስቀይሮብኛል፣ እንግዲህ ይህ ለእሱ ይሁን» ብለሽ በመጣሽበት ራክሻ እንደተመለስሽ ነገረችኝ። እትዬ በላይነሽን ማን እንደሆነ አላወቅሁም ብላት፣ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ብላኝ ወደ ደንበኛዋ ዞረች።

ሙኡዝን እንደገና ጠራሁት። ለካ መቼ ነው የምትመለሰው ያለኝ፣ ከስደቱ ወዲህ የጠፋችበትን፣ ለተትንሳኤ የምትባል እህቱን በዚያ በኩል እንድታፈላልጊለት አደራ ብሎሽ ነው። ለሸንኮራ ሠራተኞች ወጥ ስትሠራ እንዳገኘሻት ለእትዬ በላይነሽ ነግረሽ ስለሄድሽ፣ ያንን ስነግረው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና ቆየ። እኔም መሰላሉን ይዤ ቆምኩ፤ የት ልግባ?

ያን ቀን በትግርኛ ምን ያስቃችሁ እንደነበርም ጠየቅሁት። እያፈረ ነገረኝ። ባሌ ገና ከገበያው መታጠፊያ ጀምሮ ጡሩምባ እየነፋ ሰፈሩን አደንቁሮ ነው የሚገባው፣ እኔም ድምፁን ስሰማ ወጡን ሳላወርድ እሮጣለሁ፣ ስንቱን ድስት አሳረርኩ ብለሽው ኖሯል። ይህን ሰምቼም ቀናሁ። እኔን እያነሣሽ እንደዚያ የምትስቂ ከሆነ፣ ለእኔ በአማርኛ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?

ሪሞትሽን መልሰን አስተዋውቀነዋል፤ እሱ ላይ ሆኖ፣ እኔ ታች ሆኜ። ደጋግሜ ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል። ከደብዳቤው ጋር በዚያው በሻሽሽ ጠቅልዬ ልኬልሻለሁ። መምጣት ሲያሰኝሽ ነይ፤ ሳትደውዪ ነይ፤ መንገድ ላይ ሆነሽ ተጫኚው። ለማንም ግን እንዳታውሺው።

አራሷን እመቤታችን ትጠብቅልን፣ ሕፃኑን በእድገት ያኑርልን። መድኃኔዓለም መንገድሽን ያቅናው፣ ልብሽንም ወደ እኔ ይመልሰው።

በሩ ላይ ተቀምጦ የሚጠብቅሽ፣
ያው ባልሽ

ፈርሜ ከጨረስኩ በኋላ የጨመርኩት፦ እግርሽን ለሐኪም አሳዪው፣ ችላ አትበዪው። ያን ቀን ከራክሻው ወርደሽ እስከ በሩ ስትመጪ፣ ቀኙን ከበፊቱ አብልጠሽ ትጎትቺው ነበር።