እናያለን በአራት እግሩ

አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ ልጀምር ነበር። እጄ ለምዶ ነው፤ ሰርዤዋለሁ። ከተለየኸን ዓመት ከመንፈቅ ሆነ፤ እኔ ግን ወረቀት ፊት ስቀመጥ አሁንም ጤናህን ልጠይቅ እነሣለሁ።

ስለዚህ ከዋናው ልነሣ። ውሻህ ቆመ።

ቆመ ብቻ አይደለም፤ ሄደ። ከበረንዳው እስከ አጥሩ፣ ከዚያም እስከ አያ ስንሻው እግር። በአራት እግሩ። ይህን ስጽፍ ደጃፉ ላይ ተኝቷል፤ በየመስመሩ ቀና እያልኩ አየዋለሁ። የኋላ እግሩ በእንቅልፉ ሲንፈራገጥ ብዕሬን ጥዬ እነሣለሁ። ከዚያ ሕልም እንደሆነ ይገባኛል። እየሮጠ ነው።

መውደቁን ስላላየህ መቆሙ ምኑ እንደሚደንቅ አይገባህም። ከሥሩ ልንገርህ።

መጀመሪያ ኑዛዜ። ዳማውን ፈረስህን ሸጥኩት። ከአርባህ በኋላ። እኔ ዳንግላ ሥራ ላይ፣ ፈረሱ እዚህ እንጅባራ በረት ውስጥ፤ ማን ያበላዋል? አንድ የግምጃ ቤት ከተማ ሰው ወሰደው። ኮርቻህን ግን አልሰጠሁም። ለምን እንደሆነ ያኔ አላወቅሁም፤ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ሰውየው ዳማውን እየሳበ ሲወስደው ውሻው እስከ አስፋልቱ ሸኘው። እኔ አልወጣሁም።

ወደዚህ ዝውውሬ እስኪፈጸም ሁለት ወር ውሻው ብቻውን ቤት ጠበቀ። ቅዳሜ ቅዳሜ ስመጣ አልከሳም። ለምን እንዳልከሳ አልጠየቅሁም።

ሁለተኛ ኑዛዜ። ስሙን መጥራት ተውኩ።

ስሙ እንዴት እንደወጣ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። ቢሆንም ደግሜ ልናገረው፤ ስሕተቴ እዚያ ላይ ነው። የጎረቤታችን የአያ ስንሻው ቀርከሃ በመሬት ውስጥ ሾልኮ እኛ ጓሮ በቀለ። አንተ ቆረጥከው። እሳቸው «ሥሩ የኔ ነው» አሉ፤ አንተ «መሬቱ የኔ ነው» አልክ። ሽማግሌ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ተናግረው ሳይጨርሱ አያ ስንሻው ጋቢያቸውን አፈፍ አድርገው ተነሡና «እናያለን!» ብለው ሄዱ። በዚያው ሳምንት ከዘንገና አንድ ቡችላ በጉያህ ይዘህ መጣህ። ስሙንም በሰፈሩ ሁሉ ፊት አወጣህለት። እናያለን።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ የሰውየውን ዛቻ በአጥራቸው ጥግ ቆመህ ትጣራ ነበር። «እናያለን! ና፣ እናያለን! የት ገባ ይኸ እናያለን?» ሰፈሩ ይስቃል። ከአጥሩ ማዶ ቀርከሃ የሚሰነጥቀው ቢላዋ ለአፍታ ዝም ይላል። ከዚያ ይቀጥላል።

የቀብርህ ቀን አያ ስንሻው ከቃሬዛህ አንዱን ጫፍ ተሸክመው አየኋቸው። ከዚያ ወዲህ ያንን ስም በአጥራቸው ላይ መጮህ አሳፈረኝ። እንደ ማንም ውሻ «ኩቲ» እለው ጀመር። ኩቲ ና፣ ኩቲ ብላ። ይመጣል፤ ግን ሌላ ሰው ተጠርቶ እሱ የተነሣ ይመስል ነበር አመጣጡ። ሰላም ያወረድኩ መስሎኝ ነበር።

ጥር ላይ ፈረሰኞቹ ለበዓላቸው ሲወጡ እንጅባራ እንዴት እንደምትሆን ታውቃለህ። ውሻውን ይዤ መንገድ ዳር ቆምኩ። በዚያ ሁሉ ፈረስ መካከል ዳማውን ቀድሞ ያየው እሱ ነው። ከእጄ አመለጠ። አንተ ከላይ ተቀምጠህ ያደርገው እንደነበረው በፈረሱ ሆድ ስር ሊያልፍ ሮጠ። ዳማው ግን አዲስ ኮርቻ ተጭኖ፣ አዲስ ሰው ተፈናጦበት፣ እልልታው አስበርግጎት ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ረገጠው።

ውሻው አልጮኸም። በፊት እግሮቹ ራሱን እየጎተተ ወደ እኔ መጣ። የኋላው አካሉ እንደ እርጥብ ጆንያ ተከተለው።

እዚህ ያለው የእንስሳት ሐኪም ከብት እንጂ የውሻ አከርካሪ ነክቶ አያውቅም። ግን እውነቱን ነገረኝ፤ ባሕር ዳር አንዲት ሐኪም አለች፣ ሂጂ፣ ዛሬውኑ። የሚኒባሱ ረዳት «እህቴ፣ ውሻ ለመጫን ሰው ላውርድ?» አለኝ። ድንች የጫነ አይሱዙ ወሰደን። ውሻውን በአሮጌ ሳንቃ ላይ አስሬ፣ ሳንቃውን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጋቢና ተቀመጥኩ። ሾፌሩ በየጉድጓዱ ቀስ እያለ «በሽተኛው እንዴት ነው?» ይለኛል። መጀመሪያ እየሳቀ ነበር። ዳንግላን ስናልፍ መሳቁን ተወ፤ መጠየቁን ግን አልተወም።

ሐኪሟ የኋላ ጣቱን በመቆንጠጫ ያዘችው። ውሻው ዞሮ አያት። «ይሰማዋል» አለች። ይህችን አንዲት ቃል ይዤ የክሊኒኩ በረንዳ ላይ ስንት ሰዓት እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ጀርባው ተከፈተ፤ ነርቩን የተጫነው የአጥንት ስባሪ ወጣ፤ ተሰፋ። ስንሰናበት «እኔ የድርሻዬን ሠርቻለሁ፤ የቀረው የቤት ሥራ ነው» አለችኝ። ቀጥላም፣ ዓይኔን ሳታይ፣ «እስከ ፋሲካ ካልቆመ ግን፣ እንዳይሰቃይ ምን እንደምናደርግ እንነጋገራለን» አለች።

ያንን ዓረፍተ ነገር ተሸክሜ ተመለስኩ። ከሳንቃው ይልቅ እሱ ከበደኝ።

እቤት አስገባሁት። አትቆጣ። «ሰው ከቤት፣ ውሻ ከደጅ» ስትል እሰማሃለሁ። በመጨረሻ ወራትህ ከተኛህበት መደብ አጠገብ ጆንያ በጭድ ሞልቼ አነጠፍኩለት፤ እንዳይንፏቀቅ ዙሪያውን በሳንቃ አጠርኩት። ጎኑ እንዳይቆስል በየአራት ሰዓቱ አገላብጠዋለሁ። ሽንቱን በሁለት እጄ ሆዱን ተጭኜ አስወጣለታለሁ። እግሮቹን አንድ በአንድ አጥፌ እዘረጋለሁ፣ ሃያ ጊዜ፣ ደግሞ ሃያ ጊዜ። ቢሮ ለምሳ ሲዘጋ እየሮጥኩ እመጣለሁ። ስከፍት በሩን ቀስ አድርጌ ነው። ምን እንደማገኝ ስለማላውቅ።

ጾም ገባ። ሥጋ ቤቶች ተዘጉ። ሐኪሟ ግን መረቅ አዛለች። ከሙስሊም ሥጋ ቤት አጥንት እያመጣሁ እቀቅላለሁ፤ እኔ ሽሮዬን፣ እሱ መረቁን። ሽታው ሰፈሩን ዞረ። የደሳለኝ ልጅ ጾም ገደፈች ተባለ። ይኸ እንኳ ቀላሉ ነው። ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ አንዲት ሴት፣ ታውቃታለህ፣ ስሟን አልጠራም፣ «ለአባቷ ያላደረገችውን ለውሻ ታደርጋለች» አለች። ዝቅ ባለ ድምፅ፤ እኔ ድረስ እንዲደርስ ተመጥኖ።

ወረፋዬን ጠብቄ ዱቄቴን ይዤ ወጣሁ። አንተ ከመደብህ መነሣት ባቃተህ በእነዚያ ሦስት ወራት ቅዳሜ እመጣለሁ፣ እሑድ እሄዳለሁ። ሰኞ ማን ያነሣህ ነበር? ማክሰኞስ? ስጠይቅህ «እግዚአብሔር» ትለኝ ነበር። አምኜ ሄድኩ። ማመኑ ቀሎኝ ነበር።

እና ያ ውሻ መቆም ነበረበት፣ አባዬ። ለእሱ ብቻ ብዬ እንዳልነበረ ሳልነግርህም ይገባሃል።

የጾሙ እኩሌታ አለፈ። ምንም። ከሆዱ ስር አልፎ ወገቡን የሚያንጠለጥል ነገር ያስፈልጋል ተብዬ ነበር። ኮርቻህን ለምን እንዳልሸጥኩ ያኔ ገባኝ። ከፈረሱ ሆድ ስር የሚታሰረውን ሰፊ ጠፍር ፈታሁ፤ እንዳይፍቀው አሮጌ ጋቢህን ቀድጄ ደረብኩበት። በዚያ አንጠልጥዬ ግቢ አወጣዋለሁ። «ኩቲ፣ ተነሥ። ኩቲ!» ጆሮውን እንኳ አያቆምም። ተሸክሜ አወጣዋለሁ፣ ተሸክሜ አስገባዋለሁ።

ኔትወርክ ፍለጋ ባሕር ዛፎቹ ስር ቆሜ ሐኪሟ ጋ ደወልኩ። «ማን ብለሽ ነው የምትጠሪው?» አለችኝ። ነገርኳት። «ስሙ ነው?» አይደለም አልኳት። «በስሙ ጥሪው እንጂ!» አለችና ሳቀች።

በማግስቱ ጠፍሩን ያዝኩ። አጥሩን አየሁ። ከማዶ ቢላዋው ቀርከሃ ይሰነጥቃል። ዓይኔን ጨፈንኩና አንተ በምትጠራበት ድምፅ «እናያለን!» አልኩ።

ጆሮዎቹ ቆሙ። አንገቱ ቆመ። የፊት እግሮቹ መሬቱን ቧጠጡ። ከዚያ ጅራቱ፣ ሁለት ወር ሙሉ እንደ ገመድ የተጎተተው ጅራቱ፣ አንድ ጊዜ ወደ ግራ ሄደ። እኔ አብጄ ነበር። «እናያለን! እናያለን! እናያለን!» እላለሁ፤ እስቃለሁ፤ አለቅሳለሁ።

ቢላዋው ዝም አለ። እንደ ድሮው ግን አልቀጠለም።

አያ ስንሻው እኔ እስከማውቀው ከዚያ ጠብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በበራችን ገቡ። «አንች ልጅ! እኔና አባትሽ የጨረስነውን ነገር ደግሞ አንች ልትጀምሪው ነው?» ብለው ገና ሳይጨርሱ ውሻውን በፈረስ ጠፍር ተንጠልጥሎ አዩት። ቆሙ። «ጅራቱን ቆላ እንዴ?» አሉ። ቁጢጥ ብለው አዩት። ከዚያ እጄን ከጠፍሩ ላይ አነሡት። «እንዲህ አይደለም፤ ሆዱን ትቆርጭዋለሽ። ወደ ጭኑ ጠጋ አድርገሽ፣ ክብደቱን በጉልበትሽ ያዥ። አባትሽንም እንዲያ ነበር የማነሣው።»

መቼ? አልኳቸው።

«ሰኞም፣ ማክሰኞም። አንች ማን ያነሣው መስሎሽ ነው? እየተሰዳደብን ነበር የማነሣው። ይኸንንም ባለጌ እሱ ካለፈ በኋላ ሁለት ወር ያበላሁት እኔ ነኝ። ውሻን ስሙን ሳይጠሩ ማብላት እንዴት እንደሚያስቸግር ታውቂያለሽ?»

አልነገርከኝም፣ አባዬ። «እግዚአብሔር» አልከኝ። ተቀይሜህ ነበር ሦስት ቀን ያህል። አሁን ሳስበው አልዋሸህም ይሆናል።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ግቢው ውስጥ መንገድ ተሠርቶ አገኘሁ። ከበረንዳው እስከ አጥሩ በግራና በቀኝ የቀርከሃ ድጋፍ፣ በውሻው ወገብ ልክ፣ አንጓው ሁሉ ተልጎ ለስልሷል። ከየትኛው ቀርከሃ እንደተቆረጠ ጉቶውን ሳየው አወቅሁ። ከዚያው ከተጣላችሁበት። አያ ስንሻው እጃቸውን እያራገፉ «ሥሩ የኔ፣ መሬቱ የናንተ፣ መቆሚያው የውሻው» አሉ። ሽማግሌዎቹ ያን ጊዜ ይህን አጥተውት ነው የዋሉት።

ስሙን ግን አይጠሩም። «አንተ» ይሉታል፤ «ባለጌ» ይሉታል። «የገዛ ቃሌን ለውሻ አልጠራም» ይላሉ። እኔ ከኋላ ጠፍሩን ይዤ እጠራዋለሁ፣ እሳቸው ከፊት ሆነው በምላሳቸው ይጠቅሱታል። አንድ እግር ተነሣ። በሳምንቱ ሌላው። ቆሞ ይወድቃል። ሆሳዕና አለፈ። ቀኑን እቆጥር ነበር፤ ለማንም አልተናገርኩም።

ቀዳም ሥዑር ረፋድ ላይ ነው። ቄጠማ ታድሎ ሰው ወደየቤቱ ይመለሳል። አያ ስንሻው ቄጠማውን ግንባራቸው ላይ እንዳሰሩ መጥተው ከአጥሩ ጥግ ቆሙ። ጠፍሩን አላላሁት። ውሻው ወደ መንገዱ መካከል ደርሶ ቆመ። በአራት እግሩ፣ ብቻውን፣ እየተንቀጠቀጠ። እኔ ከኋላው ብጠራው ይዞራል፤ ቢዞር ይወድቃል። አፌን ያዝኩ። አያ ስንሻውን አየኋቸው። አዩኝ። መሬት አዩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እናያለን!»

ሽማግሌ ፊት በተነሡበት በዚያው ድምፅ ነው የጮኹት፣ አባዬ። ሰፈሩን አናወጡት። ከመንገዱ ሰው ሮጦ መጣ። ያኔ ከዳኟችሁ ሽማግሌዎች አንዱ ቄጠማቸው ዓይናቸው ላይ ወርዶ፣ ዱላቸውን እንደያዙ «ዛሬን እንኳ ተዉ! ዛሬን እንኳ!» እያሉ በሩን በርግደው ገቡ።

የገቡት ግን ውሻው ሲሄድ ለማየት ነው። አንድ እርምጃ። ሁለት። የግራው እግር ተጠለፈ፤ ራሱ አወጣው። ጠፍሩ ከእጄ ወድቆ ነበር፤ መቼ እንደለቀቅሁት አላውቅም። ሄደ፣ ሄደ፣ ሄዶ አያ ስንሻው እግር ላይ ደረቱን ጣለ። ዱላ የያዙት ሽማግሌ እልል አሉ። ያቺ ወፍጮ ቤት ያልኩህ ሴትም ከሰዉ መካከል ነበረች፤ እሷም እልል አለች፤ ከሁሉም አስረዝማ።

አያ ስንሻው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ፣ አንተ ወዳለህበት ዞሩ። «አየን!» አሉ። «አየን፣ ደሳለኝ! አየን!»

ያንን ላደርስልህ ነው ይህን የጻፍኩት። እሳቸው ንገሪው አላሉኝም።

ግራው እግሩ አሁንም አንዳንዴ ይስታል። ይስት። ዝናቡ ጀምሯል፤ በእኛ ጓሮ ሦስት አዲስ የቀርከሃ ቡቃያ ወጥቷል። እኔ አልቆረጥኩም፤ እሳቸውም የማን ነው አላሉም። ጠፍሩን ወደ ኮርቻህ መልሼዋለሁ። በየሳምንቱ ቅባት እቀባዋለሁ።

አልረሳህም፣ አባዬ። ብፈልግም መንገድ የለኝም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በየቀኑ አጥሩ ጥግ፣ አንተ በምትቆምበት እቆምና ውሻህን በስሙ እጠራዋለሁ። ቢላዋው ለአፍታ ዝም ይላል። ከማዶም አንድ ድምፅ «አየን!» ይላል።

ልጅህ