ዓለም ምስል መሆን አለመሆኗን በቦኖአችን ስለ መፈተናችን

ለተከበሩ የወረዳችን የውኃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከጓሳ በኩል የሚወርደው ብርድ ደጃፍዎን ሳይነካ እንዲያልፍ፣ ጤናዎም ልክ እንደ ሪፖርትዎ መቶ በመቶ የተሟላ እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ስጽፍልዎ ድፍረቴን ለዕድሜዬ ሲሉ እንዲያልፉልኝ እለምናለሁ።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ በሬዲዮ የሰማሁት ነገር ነው። በባሕር ማዶ ያሉ ሊቃውንት፣ ይህ የምንኖርበት ዓለም ጥልቀት ያለው መስሎ ቢታየንም፣ ምናልባት በአንድ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ከተጻፈ መረጃ የሚወጣ ምስል፣ እነርሱ ሆሎግራም የሚሉት፣ ይሆናል ብለው ይጠረጥራሉ አሉ። ይህንንም ለማረጋገጥ የብርሃን ጨረር ለሁለት ከፍለው፣ በመስታወት እያመላለሱ፣ ባዶው ቦታ ራሱ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ ይለካሉ። ይህን ስሰማ በሬዲዮው ፊት ብቻዬን አጨበጨብሁ። ምስኪኖቹ ሊቃውንት ይህን ያህል የሚደክሙት እርስዎን ስላላወቁ ነው! እርስዎ የመንደራችንን የውኃ ቦኖ ከነአራት ቧንቧው በአንድ ጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ሠርተው፣ «ተጠናቋል» ከሚል ባለቀለም ሥዕል ጋር በጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ ከለጠፉት እነሆ ስምንት ወር ሆነ።

አሁን ደግሞ፣ የመንደሩ የውኃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነኝና፣ የርክክቡን ሰነድ እስከ ሰኔ ሠላሳ ፈርሜና ማኅተም መትቼ እንድመልስ ታዝዣለሁ። ይህን ካደረግሁ ውኃ ካላገኙ መንደሮች ዝርዝር እንሰረዛለን። ስለዚህ አስቀድመን ሳይንሱን ብንፈትን አይከፋም ተባብለን፣ ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቦኖው ቆሟል ከተባለበት ሜዳ ወጣን። የደረስንበትን በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ከሞላሌ ገበያ በገዛሁት የጺም መላጫ መስታወት የፀሐይን ጨረር መልሼ ወደ ቦኖው ለቀቅሁት። ጨረሩ ግንቡንም ቧንቧውንም ሳይጎዳ አልፎ፣ ከወዲያ ማዶ ትግጥ በነበረች በግ ግንባር ላይ አረፈ። በጊቱ ዓይኗን ጨፈነች። ስለሆነም የበጊቱ መኖር ያለ አንዳች ጥርጥር ተረጋግጧል።

ሁለተኛ፤ ግንበኛው ጌጡ የግንቡን ቀጥተኛነት ሊመረምር ውኃ ልኩን አወጣ። የሚያስደግፍበት ቢያጣ አየር ላይ ይዞት ቆየና፣ «ጋሼ፣ በዚህ ሜዳ ያለችው ውኃ ይችው በብልቃጧ ውስጥ ያለችው ናት፤ ላስመዝግባት?» አለኝ። ሕዝቡ በሣቅ ወደቀ። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ ከዘራዬን ጥዬ ሣር ላይ ተቀመጥሁ።

ሦስተኛ፤ ሴቶቹ ሥዕሉ በሚያሳየው ቦታ ጀሪካኖቻቸውን ደርድረው በጨዋ ደንብ ተራ ጠበቁ፤ «ተራዬን ቀማሽኝ» የሚል ጭቅጭቅ ሳይቀር ተነሣ። ሁሉም ነፋስ ሞልተው ተመለሱ። ክብደት የሌለው ውኃ ስላዳረሱን የሴቶቻችን ወገብ እጅግ ያመሰግንዎታል።

አራተኛውን በሣቅ ልጽፈው አልቻልሁም። ባለቤቴ ወይዘሮ ጥሩሸዋ በጥር ወር ከገደሉ ሥር ካለው ምንጭ ውኃ ተሸክማ ስትወጣ ወድቃ ክንዷ ተሰብሯል። ዛሬም በደኅናው እጇ ትንሿን ጀሪካን ይዛ ትወርዳለች። የሊቃውንቱን ጥርጣሬ ባስረዳኋት ጊዜ፣ «እንግዲያ ይሄም ክንዴ ሥዕል ነው ይበሉኛ! ሥዕል ከሆነ ደመና ባዘለ ቁጥር ስለ ምን ይጠዘጥዘኛል?» አለችኝ። አርባ ዓመት አማርኛ ያስተማርሁ ሰው ነኝና ጥያቄዋን ቃል በቃል ጻፍሁት። እርስዎ መልስ ካለዎት በጽሑፍ እንዲያሳውቁን እንጠይቃለን።

በወጣትነቴ ጽሕፈት ቤት ማለት አንድ ጠረጴዛና አንድ የጽሕፈት መኪና ነበር። ያልተሠራ ነገርም «አልተሠራም» ተብሎ በካርቦን በሦስት ቅጂ ይጻፍ ነበር። ድኾች ነበርን፤ ነገር ግን ድኽነታችን እንኳ ቁመት፣ ወርድና ጥልቀት ነበረው። በቀለም የታተመ ውኃ ለማየት ያበቃን የእርስዎ ዘመን ነውና፣ ለዚህ ዕድል ከወገቤ ዝቅ ብዬ አመሰግናለሁ።

ልመናችን አንዲት ናት። የቦኖው ቁመትና ወርድ በወረቀቱ ላይ በሚገባ ተመልክቷል፤ የጎደለው ጥልቀት ብቻ ነው። እርሱም፣ የጌጡን የሙያ አስተያየት ልጥቀስና፣ በቁፋሮ ይገኛል።

ከሪፖርትዎ ውጭ ለመኖር ስለ ደፈርሁ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ ለክብርዎ ዘወትር የምሰግድ፣

ፍቅረ ሥላሴ ኃይለ ኢየሱስ
ጡረተኛ መምህር፣ የመንደሩ የውኃ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ማስታወሻ፦ ሰነዱን ያለ ማኅተም መመለሴ እንደ እምቢተኝነት እንዳይቆጠርብኝ። የማኅተማችን የቀለም ስፖንጅ ድርቅ ብሏል፤ ኮሚቴውም በዚሁ ቦኖ ውኃ ካልሆነ በሌላ እንዳይረጥብ በሙሉ ድምፅ ወስኗል። በተመቸዎት ቀን መጥተው ቧንቧውን ይክፈቱና አንዲት ጠብታ ያንጠብጥቡልን፤ እዚያው ፊትዎ ማኅተሙን እንመታለን።