የጋሽ ድገመው የሕይወት ታሪክ፣ በቀናተኛ ታናሽ ወንድማቸው የተጻፈ

በሥራ ባልደረቦቻቸው ዘንድ ጋሽ ድገመው በመባል የሚታወቁት ወንድም፣ ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። ከሁለት ዓመት በኋላ ይህን ታሪክ የጻፈው ታናሽ ወንድማቸው ተከተለ፤ ዕድሜውንም ሁሉ ሲከተል ኖረ።

በትምህርታቸው ከክፍላቸው አንደኛ ይወጡ ነበር። ታናሽየው ሁለተኛ በወጣ ጊዜ እናታቸው “ጎሽ፣ የቀረህን ወንድምህን ጠይቀው” አሉት። ቅናቱ የጀመረው ያን ዕለት ነው።

በ1968 ዓ.ም. የፈተና ውጤት በሚያዘጋጅ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ክፍል ተቀጠሩ። ታናሽየውም እዚያው ገብቶ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ። በ1974 ዓ.ም. ጋሽ ድገመው የመሥሪያ ቤቱን ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ አግብተው ሦስት ልጆች አፈሩ።

የክፍሉ ትልቅ ማሽን፣ ወረፋ የያዙ ሥራዎችን መዝገብ በሁለት ዲስኮች ያኖራል። አንዱ ቢበላሽ ወደ የትኛው መጠባበቂያ ዲስክ እንደሚዞር በትእዛዝ ይነገረዋል። ነገር ግን ጠፍቶ ሲነሣ የተነገረውን ይረሳል፤ የሚያምነው ሲነሣ የሚያነበውን የማስነሻ ፋይል ብቻ ነው። ስለዚህ ጋሽ ድገመው፣ ትእዛዝ የሰጠ ሁሉ ከወንበሩ ሳይነሣ ያንኑ በፋይሉ ላይ እንዲደግመው ያስገድዱ ነበር። ቅጽል ስማቸውም ከዚህ መጣ።

በሐምሌ 1989 ዓ.ም. ታናሽ ወንድማቸው መጠባበቂያውን ወደ አዲስ ዲስክ አዛወረ። የመሥሪያ ቤቱ አለቃ በሰው ፊት ቢያመሰግኑት ጊዜ ልቡ አብጦ፣ ፋይሉን ሳይነካ ተነሥቶ ሄደ። አሮጌው ዲስክ ለሌላ ክፍል ተሰጠ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ማሽኑ ለጥገና ጠፍቶ ሲነሣ አንዱ ዲስክ ተበላሸ፤ ማሽኑም በፋይሉ ተጽፎ የቀረውን፣ አሁን ግን የሌለውን አሮጌ መጠባበቂያ ሲፈልግ ቆመ። የአንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ትምህርት ቤቶች ውጤት ወረፋው ላይ ነበር። ጋሽ ድገመው ምሳ እንኳ ሳይቀምሱ ውለው፣ በሌላው ዲስክ ላይ ከተረፈው ቅጂ አንድም ሳያጎድሉ መለሱት።

አለቃው ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ሲጠይቁ ጋሽ ድገመው “እኔ ነኝ፤ ፋይሉን አላየሁትም” አሉ። ማስጠንቀቂያ ተጻፈባቸው፤ ይጠብቁት የነበረው የክፍል ኃላፊነትም ለታናሽየው ሆነ። አሥራ አምስት ዓመት በዚያ ወንበር ሲቀመጥ፣ ሠራተኛው ግን ግራ ሲገባው የሚሄደው ወደ እሳቸው ነበር። ይህም እንደ እግር እሳት ያንገበግበው ነበር። እውነቱን ያልተናገረው ፈርቶ ብቻ አይደለም። ቢናገር ለወንድሙ ሌላ ምስጋና የሚጨምርላቸው መስሎት ነው።

ጋሽ ድገመው ለስምንት ወራት በሳንባ ሕመም ሲሠቃዩ ቆዩ። በመጨረሻው ሳምንት ታናሽየው ሊናዘዝ አልጋቸው አጠገብ ሲቀመጥ፣ “ተወው፤ ልጆቼም እኔ እንዳጠፋሁ ነው የሚያውቁት” አሉት። እነሆ ልጆቻቸው ይስሙ፤ ጥፋቱ የአባታቸው አልነበረም፣ የአጎታቸው ነበር።

የካቲት 11 ቀን 2016 ዓ.ም. በሰባ ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እንዲሁም ዛሬ በቀባሪው ብዛት እንኳ የቀናባቸውን አንድ ወንድም ትተው አልፈዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በደጋጎች ማረፊያ ያኑርልን፤ ለእሱም ልብ ይስጠው።