ዝይዋ ትጣልና እሄዳለሁ ላልከኝ

ሰይዴ፣

ደብዳቤ በጤና ጥያቄ ይጀመራል፤ እኔ ግን ስለ ጤናህ አልጠይቅህም። በጠየቅኩህ ቁጥር «ደህና ነኝ» እያልክ ዋሽተኸኛል። ከተለየኸኝ አራት ወር ሊሞላ ነው። አላህ ይዘንልህ፤ እኔ ግን አሁንም ተናድጄብሃለሁ።

ኢዳ ላይ ስለሆንኩ ከግቢ አልወጣም። ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ቤቷ ትቀመጣለች፤ ደንቡ ነው፣ እሱ አልከፋኝም። የከፋኝ ከማን ጋር እንደተቀመጥኩ ነው። ከሁለቱ ዝዮችህ ጋር! ገበያ ወጥቼ አልረሳቸው፣ ጎረቤት ሄጄ አልሸሻቸው። ጠዋት በሩን ስከፍት ወንዱ አንገቱን አስግጎ ይጮህብኛል፣ የገደልኩህ እኔ የሆንኩ ይመስል።

ከዋጃ በባጃጅህ ያመጣሃቸውን ቀን አልረሳውም። ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው አንገታቸውን ግራና ቀኝ አውጥተዋል፣ የቆቦ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ ይስቃል፣ አንተ ሙሽራ እንደሚያጅብ ሰው ክላክስህን እያንባረቅክ ገባህ። እኔም ስቄ ነበር። ያን ጊዜ ደረትህን አያምህም ነበር፤ ወይም ያምህና አልነገርከኝም።

ከዚያ በኋላ ደረትህን ይዘህ ጨጓራ ነው ማለት ጀመርክ። ወተት ጠጣህ፣ ጦስኝ አስፈላኸኝ። ወልድያ ሆስፒታል ሂድና ታይ ብዬ ለመንኩህ። «ዝይዋ እንቁላል ልትጥል ነው፣ የመጀመሪያዋ ነው፣ ማን ይጠብቃታል? ትጣልና እሄዳለሁ» አልከኝ። እኔ ምን ነበርኩ፣ ግድግዳ? የአይሱዙ አሮጌ ጎማ እያንከባለልክ አመጣህ፣ ጭድ ሞላህበት፣ ዙሪያውን በማሽላ አገዳ አጠርክላት። እዚያው አገዳ መሃል ነው ወድቀህ ያገኘሁህ። ዝይዋ የጣለችው አንተ ከተቀበርክ ከወር በኋላ ነው። ሰማህ? ከወር በኋላ!

የመጀመሪያውን ባዶ መሬት ላይ ጥላው ሄደች፣ ሁለተኛውን የውሃ ሳፋቸው አጠገብ። ያን ሁሉ የለፋህበትን ጎማ ዞር ብላ አላየችውም። ሁለተኛውን አንስቼ ልጠብሰው ነበር። እጄ ላይ ሲሞቀኝ ግን አልሆነልኝም፤ እየተሳደብኩ ከመጀመሪያው ጋር ወስጄ ጎማው ውስጥ አኖርኩት። በሦስተኛው ራሷ ገባች። ሰማይ ሲያጉረመርም እንቁላሉ እንዳይበላሽባት ጭዱ ውስጥ ሚስማር ሸጎጥኩላት፣ እናቴ ለዶሮ እንደምታደርገው። ለማልወዳት ዝይ! ኋላ ላይ የደረቷን ላባ እየነጨች አነጠፈችና ታቀፈች።

ወንድምህ ይማም ዝዮቹን አርዶ ሊገላግለኝ ካሰበ ቆይቷል። ከታቀፈች ሦስት ሳምንት ሲያልፍ መጣ። «ዘሃራ፣ ዶሮ እንኳ ብትሆን እስካሁን ፈልፍላለች። ወላሂ ገምቷል፤ ሽታው ሳይነሳብሽ ልጣልልሽ» አለኝ። ጎረቤቶቹም እውነቱን ነው አሉ። እዚህ ሁሉም የሚያውቀው የዶሮ ቀን ነው፣ እኔም የማውቀው እሱን ነው። የዝይ ወር እንደሚፈጅ አንተ ታውቅ ነበር፤ የሸጠልህን ሰውዬ በጥያቄ ስታደርቀው ውለሃል። ለእኔ ግን ትንፍሽ አላልክም። መቼስ አንተ ምን ነግረኸኝ ታውቃለህ?

ይማም እጁን ወደ እንቁላሉ ሲሰድ አገዳ መዝዤ ተነሳሁበት። ትዕግስት እንዳይመስልህ፣ እልህ ነው። እንቁላሎቹ ገምተው ከሆነ አንተ በከንቱ ሞተሃል ማለት ነው። ይህን ደግሞ ይማም አይፈርድም፣ ጎረቤትም አይፈርድም አልኩ። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ አጎንብሼ እንቁላሎቹን ሳሸት፣ ወንዱ ቀሚሴን ሲነክሰኝ ሰነበትኩ።

ባለፈው ጁምዓ ጠዋት ከሆዷ ስር ጪው ጪው የሚል ድምፅ ሰማሁ። አንዳንዱ ሳይፈለፈል ቀርቷል፤ አምስቱ ወጡ፣ እርጥብ፣ ቢጫ፣ እግራቸው ከሰውነታቸው የበለጠ። ሳቄ አመለጠኝ። እየሮጥኩ ወደ ቤት ገባሁ፣ ልጠራህ። መኝታ ቤቱ በር ላይ ስምህን ጠርቼ ከጨረስኩ በኋላ ነው ያስታወስኩት። እንደዚያ ቀን ተናድጄብህ አላውቅም።

ሰው ሁሉ ቀኑ ደርሶ ነው ይለኛል። አምናለሁ፣ የሞትህ ቀን የአላህ ነው። ወልድያ የምትሄድበት ቀን ግን ያንተ ነበር፤ እሱን ለዝይ ሰጠኸው። እኔ ዝይ ያህል እንኳ አልሆንኩልህም?

አልረሳህም፣ ሰይዴ። እነዚህ አድገው ሲጥሉም፣ የእነሱ ልጆች ሲጥሉም አስታውስሃለሁ። ቁጣዬ ይበርዳል ብዬ ግን ቃል አልገባልህም፤ ከበረደ ማንን ይዤ እቀመጣለሁ?

ሚስትህ ዘሃራ