ተኝተው የሚያርሙት የኔታ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለየሺዋስ፤ ከነሥራህ ከነጤናህ እንዴት ሰነበትክ? ጎረቤታችን እትዬ የኔአለም ጉልበታቸው ተሽሏቸው ያለ ምርኩዝ ቤተ ክርስቲያን መሳም ጀምረዋል። ልጃቸውም ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል በሰላም ተገላግላለች።

ስለ ኮምፒውተሩም ስለ ሳይንሱም በስልክ የምትጽፈውን ሁሉ አነባለሁ። «ሰው ሁሉን ለማሽን እያስያዘ የራሱን ማስታወስ አሰነፈው» ያልከውን ለአባባ ሳነብላቸው ሳቁ። «ዳዊቱን አስቁሞ ነጎድጓዱ ከመብረቁ ለምን ይዘገያል ይለኝ የነበረው ልጅ ዛሬም አልተወውም?» አሉ።

ያ ጊዜ እንዴት ደስ ይል ነበር። እናንተ ተማሪዎቹ ከጽዱ ሥር ዳዊት ስታነበንቡ አባባ ጋቢያቸውን ተከናንበው ያንቀላፋሉ፤ አንዲት ቃል ስትስቱ ግን ዓይናቸውን ሳይገልጡ ያርሟችኋል። አንተማ «አባባ ውስጥ ማሽን አለ» ትል ነበር።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ የሰው ድምፅ ለብዙ ዓመት ሳይበላሽ የሚቀመጠው በምንድን ነው? አባባ ዳዊቱን በቃላቸው ሲደግሙ ልቀዳቸው አስቤ ነው። እንዲያው ለማስታወሻ ያህል ነው።

ሰላምታዬ እንደ ጮቄ ምንጭ ሳያቋርጥ ይድረስህ። ከአባባ ጋር የሚያስተምሩት መሪጌታ ገዳሙም ትናንት ብቅ ብለው ሰላም በይልኝ ብለውሃል። «ከተማሪዎቹ አንዱ ዳዊት ሲደግም አንድ ሙሉ መዝሙር ዘሎ ሲያልፍ፣ የኔታ ነቅተው እየሰሙት ዝም አሉ» አሉኝ። ደክሟቸው ይሆናል አልኳቸው። «የሺዋስ መቼ ነው የሚመጣው?» ሲሉኝ፣ ለፋሲካ ነው አልኩ። ሊሄዱ ከተነሡ በኋላ ከደጃፉ መለስ አሉና፣

«ለገና ቢሆንስ?» አሉኝ።

ናፋቂ እህትህ ሥራነሽ፣ ከደብረ ወርቅ